በገዛ ድምፅዋ

«ትናንት ማታ ስትደውዪልኝ ሳልመርቅሽ ዘጋሁት፤ ቅር እንዳይልሽ» አለች እናት፣ የሻዩን ብርጭቆ በቀሚሷ ጫፍ አበስ አድርጋ ለልጇ እያቀበለች።

ልጅቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። ልጅቱ ይባል እንጂ አርባን ከተሻገረች ቆይታለች፤ በእናት ቤት ግን ማንም አያረጅም። ትናንት ማታ ከሱቁ ጓዳ ተቀምጣ የአንድ ቢሮ መጋረጃ ጠርዝ ስትቀመቅም ነበር ያመሸችው፤ ስልኳም ባትሪ ጨርሶ ቦርሳዋ ውስጥ ተዘግቶ ነበር። አልደወለችም። ከትናንት ወዲያም አልደወለችም። እውነቱ ይነገር ከተባለ ለእናቷ ስልክ መደወል ልማዷም አይደለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባሏ ጋር መጥታ፣ የገዛችውን አትክልት አስቀምጣ፣ የእናቷን ጉልበት አሽታ ትሄዳለች፣ በቃ። ዛሬ በሥራ ቀን ብቻዋን ብቅ ያለችው መጋረጃውን የምትሰቅልበት ቢሮ በዚሁ በኩል ስለሚያስኬድ ነው። እናቷን «ተሳስተሻል» ልትላት አፏን ከፈተችና ታናሽ ወንድሟ ሰሞኑን ያላት ትዝ አላት። «እማዬ እያረጀች ነው፤ ያልሆነውን ሆነ ትላለች፤ እንዳትከራከሪያት» ብሏት ነበር። ስለዚህ አልተከራከረችም፤ ሻዩን ፉት አለች። ስኳር ከተወደደ ወዲህ የዚህ ቤት ሻይ መራራ ሆኗል፤ እናት ግን «ለጤና ደግ ነው» እያለች የኪሷን ነገር በሐኪም ታሳብባለች።

እናት ብድግ ብላ በሩን ገፋ አደረገችና ተመልሳ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ባልሽ የለም ብዬ ነው የማነሳው። ቅዳሜ እሱ ፊት አታንሺው ስላልሽኝ ይኸው ምላሴን ነክሼ ከረምኩ። ለመሆኑ ያ ገንዘብ ስንት ወለደ?»

«የቱ ገንዘብ እማዬ?»

«ተይ እንግዲህ! ሰው የለም አልኩሽ እኮ። ከባንክ የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር ስልኬ ላይ እየመጣ፣ መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ ያነበብኩልሽ ነዋ!»

በዚያ ቤት ገንዘብ ከተባለ አንድ ገንዘብ ብቻ ነው። አባት አናጢ ነበር፤ ሲሞት ትቶት የሄደው የእንጨት ሥራ ቤቱን ነው። እሱ ተሸጦ የተገኘውን እናት በስሟ ባንክ አስገብታ፣ በሽታም ሲመጣ ክረምትም ሲመጣ ሳትነካው ይዛዋለች፤ ምክንያቱም ልጆቿን ያሳደገችባቸውን እነዚህን ሁለት የኪራይ ክፍሎች ባለቤትየው ሊሸጣቸው ነው። የድሮ ሰው ነውና ቅድሚያውን ለእሷ ሰጥቷል። እስከ ወሩ መጨረሻ ከከፈለች የእሷ ናቸው፤ ካልከፈለች ፎቅ የሚሠሩ ሰዎች ሜትራቸውን ይዘው ግቢውን ለክተውት ሄደዋል። አንደኛዋ ክፍል አልጋና ቁም ሣጥን ብቻ ትይዛለች፤ ሌላኛዋ አሁን ሻይ የሚጠጡባት ናት፣ መስኮቷ እልፍ ሲሉ የጎረቤት ግድግዳ ያሳያል። ብዙ የሚያስጎመዥ ነገር የላቸውም። እናት ግን ከዚህ ወጥታ የት እንደምትገባ አስባ አታውቅም፤ ለምን ታስባለች፣ ገንዘቡ አለ።

መጋረጃ ሰፊዋ የእናቷን ስልክ አነሳች። ስልኩን የገዛላት ወንድሟ ነው፤ ሁሉን ነገር ያስተካከለላትም እሱ ነው፣ ኮምፒውተር አዋቂ ነዋ። እናት ፊደል እንዳታስስ ብሎ ደዋዮቹን ሁሉ በፎቶ አድርጎላታል። የእሷም ፎቶ አለ፤ ጥርሷን ሁሉ አውጥታ ትስቃለች። ከፎቶው ሥር ያለው ቁጥር ግን የእሷ አይደለም። ከራት በኋላ፣ ሌሎቻችን ዜና በምንሰማበት ሰዓት፣ አንድ ማታ እንኳ ሳይዘለል ተደውሏል።

«እማዬ፣ ማታ ማታ ምን ምን ነበር የምንጫወተው?» አለች።

«ምን የማንጫወተው አለ! ጉልበቴን ትጠይቂኛለሽ፣ የግቢውን ወሬ ትጠይቂኛለሽ። ‹ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ እንደ በረዶ ነው እማዬ፣ እያየሽው ይሟሟል› ያልሽኝስ? እኔማ ይቺ ልጅ መጋረጃ ስትሰፋ ኖራ ይኼን ሁሉ ከየት አመጣችው እያልኩ፣ ስኮራብሽ ነው የከረምኩት።»

መጋረጃ ሰፊዋ የእናቷን ጉንጭ ሳመች፣ የመጋረጃ እሽጓን አነሳች፣ «ማታ እንነጋገራለን» ልትል ብላ ዋጠችው፣ ወጣች። ደጁ ላይ የጎረቤትን ግድግዳ ተደግፋ ትንሽ ቆመች። እናቷ አልዘባረቀችም። ደህና ነች። የዘባረቀው ሌላ ነገር ነው።

አውቶቡስ ውስጥ እሽጉን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትሄድ ያ የክረምት ሰሞን ቁልጭ ብሎ መጣላት። ወንድሟ ቤቷ መጥቶ «እታለም፣ ድምፅሽን ልዋስ መጣሁ» አላት። ለዓይነ ስውር ተማሪዎች መጻሕፍት በድምፅ ሊቀዱ ነው፤ ያንቺ ድምፅ ሰው ያረጋጋል፤ ክፍያ የለውም፣ ጽድቅ ነው። መኝታ ቤት አስገብቶ፣ የመንገድ ጫጫታ እንዳይገባ ብርድ ልብስ አከናንቦ፣ በላብ እስክትጠመቅ ስንት ከሰዓት በኋላ አስነበባት። አረፍተ ነገሮቹ ተረት አይመስሉም ነበር። ቁጥር ነበረባቸው፣ «እባክሽን» ነበረባቸው፣ «አይዞሽ» ነበረባቸው። በተለይ «እማዬ» የምትለዋን ቃል ደጋግሞ አስባላት፤ እየሳቅሽ በያት፣ ደክሞሽ በያት፣ እየለመንሽ በያት፣ በሹክሹክታ በያት። «እንዴት ያለ መጽሐፍ ነው ይኼ?» ስትለው «እናቷን የምትወድ ልጅ ታሪክ ነው» አላት። ሌላ ሰው ቢሆን እንደ ነገሩ ብሎ ያልፈው ነበር። እሷ ሞኟ ግን ቃሏ ከልብ እንዲወጣ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና የገዛ እናቷን እያሰበች ነው ያለችው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ አንዱን ሞኝ ሌላውን ብልጥ አድርጎ ያወጣል።

ውለታዋንም አልረሳም፤ የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት የመጋረጃ ሥራ ያስገኘላት እሱ ነው። እሷም ያኔ ምርቃት አዝንባበታለች፤ ሥራ ቀዝቅዞ ነበርና። ማዶ ያሉት ትልልቅ አገሮች በቀረጥ ሲጓተቱ የእሷ ጨርቅ ዋጋ ይዘላል። ዶላር ጨመረ ሲባል ክር ይጨምራል፤ ዶላር ቀነሰ ሲባል ግን ክሩ አልሰማም። መጋረጃ ደግሞ ሰው መጀመሪያ የሚተወው ነገር ነው፤ የተቸገረ ሰው መስኮቱን በአሮጌ አንሶላ ይሸፍናል እንጂ ሰፊ ዘንድ አይመጣም።

መሥሪያ ቤቱ ዲጂታል ሳንቲም የሚሸጥ ነው። ሳንቲም ይባል እንጂ በእጅ አይያዝም፣ ኪስ አይገባም፤ ስክሪን ላይ አለ ሲባል አለ፣ የለም ሲባል የለም። ሕንፃው ዙሪያውን መስታወት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ስክሪኖቹን ያጠፋባቸዋል፤ መጋረጃ የተፈለገውም ለዚሁ ነው። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ወጣቶች ጆሮ ማዳመጫ አድርገው ተደርድረዋል፤ አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፣ ምንጣፉ ኮቴ ይውጣል። ስትደርስ ወንድሟ ስብሰባ ላይ ነው ተባለች። ቆማ ከምትጠብቅ ብላ መሰላሉን ዘረጋች፤ እጇ ሥራ ሳይዝ አይቀመጥም፣ የሠራተኛ ሰው ነገር እንዲህ ነው። አንዱን መጋረጃ ሰቅላ ሁለተኛውን በዘንጉ ስታስገባ፣ ከመሰላሉ ሥር ከተቀመጠችው ወጣት ኮምፒውተር የራሷ ድምፅ ወጣ።

«ደህና ዋሉ እናቴ። ጉልበትዎን እንዴት አደረግዎት?»

አልወደቀችም፤ ዘንጉን ይዛ ቀረች። ድምፁ ቀጠለ። ለማታውቃት አሮጊት፣ እሷ ስትደክም በምታወጣው ድምፅ፣ ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ እንደ በረዶ እንደሚሟሟ አስረዳ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ሲባል ትሰማ ነበር፤ ከዚህ ወዲያ ምን ዓይነት ክዳት ይመጣል? ወጣቷ ቀና ብላ ስታያት ዓይኗን አፍጥጣ አገኘቻትና ፈገግ አለች። «ደስ አትልም? ‹እህት› ነው የምንላት፤ የጻፍንላትን ሁሉ ትናገራለች። እንደሷ ሰው የሚያምናት ድምፅ የለንም። ቁርጥ ሰው አትመስልም?»

«ትመስላለች» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። ወጣቷ ግን ማዳመጫዋን መልሳ ስለነበር አልሰማቻትም።

ወንድሟ ሲመጣ ሽቶው ቀደመው። እናታቸው እስካሁን ማሙሽ ትለዋለች፤ እዚህ ግን አንቱ የሚሉትም አሉ። ፊቷን አይቶ ገባው መሰለኝ፣ ክንዷን ይዞ ትንሽ የመስታወት ክፍል ውስጥ አስገባትና በሩን ዘጋ። ውሃ ቀዳላት። አልጠጣችም።

«የእማዬን ገንዘብ የት አደረስከው?»

አልካደም። መካድ እንኳ ክብር ነው፣ እሱንም ነፈጋት። ሠራተኛ ሁሉ ከቤተሰቡ ሰው እንዲያስገባ ታዟል፤ ያላስገባ ወንበሩን ይለቃል። ደግሞም ክፉ አላሰበም፤ ሳንቲሙ በእጥፍ ይወጣል ተብሎ ነበር፣ እናትን ቤት ገዝቶላት ቀሪውን ደረቷ ላይ ሊያስታቅፋት ነበር። እኔ ብላት እምቢ ትላለች፤ በልጅነቴ ለዳቦ የሰጠችኝን ለኳስ ማጥፋቴን እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች፤ አንቺ ካልሻት ግን ዓይኗን አታሽም። እንዲህ እያለ ሲያስረዳት የፀጉር ቤት ቀጠሮ ስለመሳቱ የሚያወራ ይመስል ነበር።

«ታዲያ ለምን እኔን አልጠየቅከኝም?»

«እምቢ ትያለሽ ብዬ።»

«መልስላት። ዛሬ።»

«ተቆልፏል እታለም፤ ዓመት ሳይሞላው አይወጣም። ደግሞ አሁን ወርዷል። ማዶ አዲስ ቀረጥ ተጣለ ሲባል ገበያው ደንግጦ ነው። ይመለሳል።»

«ምን ቀረ?»

በመስታወቱ ውስጥ አዳራሹን፣ የተሰቀለውን አንድ መጋረጃና ያልተሰቀሉትን መስኮቶች አየ። «ሩቡም አይሞላ» አለ።

እሷ ይኼን ልጅ በጀርባዋ አዝላ አሳድጋዋለች። እናት ሥራ ስትውል ገንፎ ያበላችው፣ ትምህርት ቤት ሲደበድቡት ድንጋይ ይዛ የወጣችለት እሷ ናት። ለዚህ ይሆናል ልትመታው የፈለገ እጇ አልነሳ ያላት። ቤቱ የወሩ መጨረሻ ላይ እንደሚሸጥ አስታወሰችው፤ ያውቃል። እናት የምትወድቅበትን ስትጠይቀው እኔ ዘንድ ትገባለች አለ፤ ሚስቱ እናትን ከአንድ ማታ በላይ አሳድራት እንደማታውቅ ሁለቱም ያውቃሉ። በመጨረሻ «አሁን ሄጄ እነግራታለሁ። ድምፁ የእኔ እንዳልሆነ ትወቀው። ለሌላው በኋላ እንጨነቃለን» አለችው። አለቀሰ። እውነተኛ እንባ ነው፣ እሱን አልክድበትም። እኔው ልንገራት፣ ጊዜ ስጪኝ አለ፤ እንሂድ አብረን አለችው፤ አለቃው እንደሚጠብቀው፣ ከኋላ እንደሚደርስባት ነገራት። በር ድረስ ሸኛት፣ አቀፋት።

«በዚህ መንገድ መዘጋጋት ስንት ሰዓት ትደርሻለሽ?» አላት።

«ሰዓት ይፈጅብኛል» አለችው።

መንገዱ እንደፈራችው ተዘግቶ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ለእናቷ የምትነግርበትን ቃል መረጠች፣ ጣለች፣ እንደገና መረጠች። ማሽን ነው ብትላት ይገባት ይሆን? ከጎኗ ያለ ሽማግሌ ስለ ነዳጅ ዋጋ ከሾፌሩ ረዳት ጋር ይጣላል፤ «እናንተ ስትጨምሩ ዓለም ጨመረ ትላላችሁ፤ ዓለምን ጥራልኝና ላናግረው!» ሲለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳታስበው ሳቀች፣ ሳቋንም ሰምታ ደነገጠች። እናቷ መቆጣቷ አይቀርም። ትቆጣ። ልታምናት ግን ግድ ነው፤ አርባ ዓመት ያወቀችው ልጇ ናት።

ስትደርስ በሩ ክፍት ነው። እናት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ደፉ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች፤ ፊቷን ታጥባለች፣ ዓይኗ ግን ቀልቷል። ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ ተቆርሷል፣ ሻዩም ትኩስ ነው፣ ስኳር ተጨምሮበታል።

«ግቢ። ግቢ ልጄ፣ አልቆጣሽም።»

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት...»

«ነግረሽኛል» አለች እናት፣ እጇን ይዛ እያስቀመጠቻት። «አሁን ገና ነው የዘጋሁት። ካልነገርሽኝ ብትቀሪ ነበር የምቀየምሽ። ጨርቅ ከውጭ ላስመጣ ብለሽ ነው፣ ላጠፋው ብለሽ አይደለም። ዶላሩ ቢጨምር፣ መርከቡ ቢዘገይ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? ከሰርሽ። ሰው ይከስራል።»

መጋረጃ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት። የተጠየቀችው ሰዓት ለምን እንደነበር ገባት። እሷ አውቶቡስ ላይ ቆማ ቃል ስትመርጥ ድምፅዋ ቀድሟት ደርሷል።

«እማዬ እኔ አይደለሁም! የደወለችልሽ እኔ አይደለሁም። ማሽን ነው። ማሙሽ ድምፄን ቀድቶ...»

እናት አንገቷን ነቀነቀች፤ በቁጣ አይደለም፣ በሐዘኔታ ነው። «እንዲህ እንደምትዪኝም ነግረሽኛል። ‹እማዬ፣ አጠገብሽ ስቀመጥ አፍሬ በማሙሽ አላክካለሁ፤ ማሽን ነው እልሻለሁ፤ እንዳትሰሚኝ› አልሽኝ። በይ ተይ። ወንድምሽን በዚህ አታስገቢብኝ።»

ቁጥሩን አሳየቻት፤ ባሏ እንዳያውቅ ሁለተኛ ስልክ መያዟን እናት ታውቃለች፣ ከገዛ አፏ ሰምታለች። ወደ ቁጥሩ ደወለች፤ ዝግ ነው። ስለዚህ ወንድሟ ጋ ደወለችና እናት እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። «ንገራት» አለችው። «በእናትህ፣ አንድ ጊዜ እውነቱን ንገራት።»

መስታወቱ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል፤ የአዳራሹ ድምፅ አይሰማም።

«እታለም» አለ በለሰለሰ ድምፅ፣ ይኼኛው ማሽን አይደለም፣ ራሱ ነው። «ስህተት ማንም ይሠራል። ገንዘቡ ይቅር፣ እኛ አለን። እባክሽ እማዬን አታስጨንቂያት።»

እናት «ተባረክ የኔ ልጅ» ብላ ስልኩን ራሷ ዘጋችው።

እናት ዙሪያዋን ታያለች፤ ግድግዳውን፣ ቁም ሣጥኑ የሚታይበትን በር፣ የጎረቤቱን ግድግዳ የሚያሳየውን መስኮት። ወዲያው እንደምትወጣ ሰው ሁሉን በየተራው ታያለች። «ሰርቄሽ አውቃለሁ እማዬ?» አለች ልጅ በመጨረሻ። ድምፅዋ እንደወጣ ራሷን አስጠላት፤ ሌላ የምትናገርበት ድምፅ ግን የላትም።

«አታውቂም። ለዚህ እኮ ነው ቶሎ የማርኩሽ። ቤቱ ይሂድ፣ እኔ ማሙሽ ዘንድ እገባለሁ። አንቺን ከማጣ ሁለት ክፍል ባጣ ይሻለኛል።»

መጋረጃ ሰፊዋ ልትናገር አፏን ከፈተች። የምትለው ሁሉ ቀድሞ ተብሏል፤ እውነቱም ጭምር ተብሎ ውሸት ሆኗል። እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥታ፣ እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች። እናት ወደ ራሷ ጎትታ ጭኗ ላይ አስተኛቻት፤ ፀጉሯን እየዳበሰች፣ በዚያ ሁሉ ፍቅሯ፣

«አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አለቻት። «ቅድም በስልኩም ልክ እንዲህ ነው ያለቀስሽው።»